ሲልቪያ ፓንክረስት

ሲልቪያ ፓንክረስት (ሙሉ ስም ኤስቴል ሲልቪያ ፓንክረስት፣ እ.ኤ.አ. 1882–1960) እንግሊዛዊት ሠዓሊ፣ የሴቶች መብት ታጋይ፣ ጋዜጠኛና ደራሲ ነበሩ። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቁት በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ዘመን በእንግሊዝ አገር ባቋቋሙት «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣ፣ ኋላም አዲስ አበባ መጥተው ባሳተሙት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ነው። ወደ ጋዜጣ ሥራ የገቡት ግን ከሥዕል ተነሥተው ነው። የብሪታንያ የሴቶች የመምረጥ መብት ንቅናቄ ይታወቅባቸው ከነበሩት ዓርማዎች፣ ሰንደቆች፣ የአባልነት ካርዶችና የደረት ጌጦች ብዙዎቹን የነደፉት እርሳቸው ናቸው። ሥዕልን እንደ ሙያ ከተዉ በኋላ በሥዕል ትምህርት ያገኙትን ዕውቀት ራሳቸው ላቋቋሟቸው ጋዜጦችና መጽሔቶች አውለውታል። በአዲስ አበባ አርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ቤተሰብ

ሲልቪያ ሜይ 5 ቀን 1882 በማንቸስተር ከተማ፣ ኦልድ ትራፎርድ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የሕግ ባለሙያና የሴቶችን የመምረጥ መብት ከደገፉ ቀደምት ወንዶች አንዱ ነበሩ። እናታቸው ኤሜሊን ፓንክረስት ኋላ የንቅናቄው መሪ ሆነው በዓለም የታወቁት ናቸው። ታላቅ እኅታቸው ክሪስታቤል፣ ታናሽ እኅታቸው ደግሞ አዴላ ይባላሉ። ሁለቱም እንደ እናታቸው በትግሉ ተሳትፈዋል።

ቤቱ የሶሻሊስቶችና የአርቲስቶች መሰብሰቢያ ነበር። ዊልያም ሞሪስና ዋልተር ክሬን የተባሉት የዘመኑ ታላላቅ የንድፍ ሰዎች በሲልቪያ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ አሳድረዋል። ሁለቱም ጥበብ ለሀብታም ሳሎን ብቻ የተፈጠረ አይደለም፣ ሠራተኛው ሕዝብ በየዕለቱ በሚያየውና በሚነካው ነገር ላይ መገኘት አለበት ብለው ያስተምሩ ነበር። ክሬን ለሠራተኞች በዓላትና ማኅበራት የሠሯቸው ክንፍ ያላቸው ረጃጅም ምስሎች ከብዙ ዓመታት በኋላ በሲልቪያ ንድፎች ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሰው ታይተዋል።

አባታቸው በ1898 በድንገት ሞቱ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ የአባቷን እምነት፣ ማለትም ለሌሎች የማይሠራ ሕይወት ዋጋ የለውም የሚለውን አስተሳሰብ፣ ዕድሜ ልኳን ይዛው ኖራለች።

የሥዕል ትምህርት

ሲልቪያ ትምህርታቸውን በማንቸስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀመሩ። ጎበዝ ተማሪ ስለነበሩ በ1902 የጉዞ ሽልማት አግኝተው ወደ ኢጣሊያ ሄዱ። በቬኒስ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሞዛይኮችን እየገለበጡ አጠኑ። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ የዚያችን አገር መንግሥት በመቃወም ስማቸው የሚነሣው ሴት የጥበብን ፍቅር ይበልጥ ያዳበሩት እዚያው ኢጣሊያ ውስጥ ነበር።

ከጉዞ እንደተመለሱ በሳልፎርድ ከተማ በአባታቸው ስም የተሠራን አዳራሽ በግድግዳ ሥዕል እንዲያስጌጡ ተጠየቁ። ሥራውን በ1903 ጨረሱ። ሆኖም አዳራሹን የሚጠቀምበት የፓርቲው ክለብ ሴቶችን በአባልነት አይቀበልም ነበር። ልጅቱ በነጻ ያስጌጠችው፣ በአባቷም ስም የተሰየመው ቤት ለእርሷ የተዘጋ ሆነ። ይህ ሁኔታ እናታቸው ኤሜሊን በኦክቶበር 1903 የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የተባለውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ ይነገራል።

በ1904 ሌላ ሽልማት አግኝተው ለንደን ወደሚገኘው የሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገቡ። በኮሌጁ ከሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል አብዛኛው ለወንዶች እንደሚሰጥ ሲያዩ ዝም አላሉም። የቤተሰቡ ወዳጅ የነበሩት የፓርላማ አባል ኪር ሃርዲ ጉዳዩን በፓርላማ በጥያቄ መልክ እንዲያነሡት አደረጉ። በ1906 ትምህርታቸውን ሲጨርሱ እጃቸው ላይ ገንዘብ አልነበረም፤ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሆነው ሥዕልና ንድፍ እየሸጡ መኖር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ።

የንቅናቄው መለያ ምልክቶች

የሴቶቹ ማኅበር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሲሄድ በየከተማው የሚሰለፉት ሴቶች የአንድ ንቅናቄ አባላት መሆናቸውን የሚያሳይ መለያ አስፈለገው። በ1908 ኤሜሊን ፔቲክ ሎውረንስ የተባሉት የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለማትን መረጡ። ሐምራዊው የክብር፣ ነጩ የንጽሕና፣ አረንጓዴው የተስፋ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ለቀለማቱ ቅርጽ ከሰጡት ሠዓልያን መካከል ግን ሲልቪያ ዋነኛዋ ነበሩ።

ከሥራዎቻቸው በይበልጥ የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው፦

የአባልነት ካርድ። ከመጀመሪያዎቹ ንድፎቻቸው አንዱ ሲሆን፣ በላዩ የተሳሉት የእንጨት ጫማና ሻርፕ ያደረጉ፣ ባልዲ የያዙ፣ ሕፃን ያቀፉ ሠራተኛ ሴቶች ናቸው። ማኅበሩ ኋላ ከባለጸጋ ቤተሰብ የመጡ ብዙ ደጋፊዎችን ያገኘ ቢሆንም ካርዱ ትግሉ በመጀመሪያ ለማን እንደታሰበ ይመሰክራል።

መለከት የሚነፋው መልአክ። ክንፍ ያለው፣ መለከት ወደ ላይ አንሥቶ የሚነፋ ምስል ነው። በሰንደቅ፣ በኅትመት፣ በደረት ምልክት፣ እንዲያውም ማኅበሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሸጠው የሻይ ሲኒና ሰሐን ላይ ሳይቀር ታትሟል። በጥቂት መስመሮች የተሠራ በመሆኑ ተለቅ ብሎ በጨርቅ ላይ ሲሰፋም ሆነ ተንሶ በሲኒ ላይ ሲታተም መልኩ አይጠፋም።

የሆሎዌይ የደረት ጌጥ። በ1909 ከእስር ለተፈቱ ሴቶች የተሰጠ የብር ጌጥ ነው። መሠረቱ የብሪታንያ ፓርላማ ምልክት የሆነው የብረት ፍርግርግ በር ሲሆን፣ በላዩ በእስረኞች ልብስ ላይ የሚታተመው የቀስት ምልክት በሦስቱ ቀለማት ተሠርቶ ተቀምጧል። ሁለቱም ምልክቶች የመንግሥት ነበሩ፤ አንዱ የሕግ አውጪው፣ ሌላው የወህኒ ቤቱ። ሲልቪያ ሁለቱን አንድ ላይ በማድረግ እስረኛን ለማዋረድ የተፈጠረውን ምልክት ወደ ክብር ሽልማት ለወጡት።

በሜይ 1909 ማኅበሩ በለንደን የፕሪንስስ ስኬቲንግ ሪንክ አዳራሽ ትልቅ ዓውደ ርእይ ሲያዘጋጅ የአዳራሹን ግድግዳ በሙሉ የመሸፈን ኃላፊነት በሲልቪያ ላይ ወደቀ። የአዳራሹ ስፋት 150 በ250 ጫማ ነበር። ሲልቪያ ከመዝሙረ ዳዊት የዘሪና የአጫጅን ሐሳብ ወስደው፣ ከቀድሞ የኮሌጅ ጓደኞቻቸው ጥቂቶቹን ረዳት አድርገው፣ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚበልጡ ምስሎችን በሸራ ላይ ሠሩ። ሸራዎቹ ተነቅለው በሌላ ቦታ እንደገና እንዲሰቀሉ ሆነው የተዘጋጁ ነበሩ።

ሠራተኛ ሴቶችን መሳል

በ1907 ሲልቪያ ሥዕል መሥሪያቸውን ተሸክመው በእንግሊዝና በስኮትላንድ ለወራት ተዘዋወሩ። በክራድሊ ሂዝ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶችን፣ በሌስተር የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞችን፣ በዊጋን ከማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ከሰል የሚለቅሙትን፣ በስታፎርድሺር የሸክላ ፋብሪካዎችን፣ በግላስጎው የጥጥ መፍተያዎችን እየተመለከቱ በውኃ ቀለም ሣሉ። ሥራ ሳያስቆሙ ስለሚስሉ ፈጥነው መጨረስ ነበረባቸው። ከሥዕሎቹ ጎን ለጎን የደመወዝ መጠን፣ የሥራ ሰዓትና የጤና ሁኔታ በጽሑፍ ይመዘግቡ ነበር። ሥዕሎቹና ጽሑፉ በ1908 በአንድ የለንደን መጽሔት አብረው ወጡ።

ይህ አሠራር ኋላ ለሠሯቸው ጋዜጦች ሁሉ መሠረት ሆኗል ማለት ይቻላል። ሥዕሉ የጽሑፉ ጌጥ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ አንባቢው የሠራተኛዋን ደመወዝ ሲያነብ ፊቷን አብሮ ያያል። በወህኒ ቤት ሳሉ የሣሏቸው የእስረኞች ምስሎችም በተመሳሳይ መንገድ በመጽሔት ታትመው ብዙ ሰው አንብቧቸዋል።

ከሥዕል ወደ ጋዜጣ

ከ1912 በኋላ ሲልቪያ ሥዕልን እንደ ሙያ ተዉት። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሠዓሊ የመሆን ሕልም የነበራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። ይሁንና በዙሪያቸው ያለው ድህነት እያለ በአንድ ክፍል ተቀምጦ መሳል ተገቢ አልመሰላቸውም። ወደ ምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈር ተዛውረው ከሠራተኛ ሴቶች ጋር መኖርና ማደራጀት ጀመሩ።

በዚህ ምክንያት ከእናታቸውና ከክሪስታቤል ጋር ተጋጩ። ሁለቱ ማኅበሩ ከሠራተኞች ፓርቲ ተለይቶ በባለጸጎች ድጋፍ ላይ እንዲቆም ይፈልጉ ነበር። በ1914 መጀመሪያ ሲልቪያ ከማኅበሩ ተሰናበቱና የምሥራቅ ለንደን ፌዴሬሽን የተባለ የራሳቸውን ድርጅት ይዘው ቀሩ። የአዲሱ ድርጅት ቀለማት የድሮዎቹ ሦስቱ ሆነው ቀይ ተጨመረባቸው። ቀዩ የሠራተኛው ንቅናቄ ቀለም በመሆኑ የመለያየቱ ምክንያት በሰንደቁ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር።

በማርች 1914 ፌዴሬሽኑ «ውመንስ ድሬድኖት» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ዋጋው ግማሽ ፔኒ ነበር። ሲልቪያ በዚያን ጊዜ በተደጋጋሚ እየታሰሩ፣ ምግብ አልበላም ብለው እያደሙ፣ በግድ በቱቦ እየተመገቡ ነበር። በጋዜጣው ላይ የሠፈሩ ሴቶች ስለ ራሳቸው ኑሮ ራሳቸው እንዲጽፉ ያበረታቱ ነበር። የፌዴሬሽኑ ባልደረባ ኖራ ስሚዝ ያነሷቸው የመንደሩ ልጆች፣ የምግብ ሰልፎችና የስብሰባዎች ፎቶግራፎች በጋዜጣው ታትመው እስካሁን የዚያ ሰፈር ታሪክ ዋና ምስክር ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፌዴሬሽኑ ከጋዜጣው በተጨማሪ ርካሽ የምግብ ቤቶችን፣ የሕፃናት መዋያና ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፍቷል።

ጋዜጣው በ1917 ስሙን ወደ «ወርከርስ ድሬድኖት» ለወጠ። ጦርነቱን የሚቃወሙ ጽሑፎችን በማውጣቱ የፖሊስ ፍተሻ ደርሶበታል። ጃማይካዊው ባለቅኔ ክላውድ ማኬይ በ1920 በጋዜጣው ላይ ሠርቷል። በዚያው ዓመት በታተሙ ጽሑፎች ምክንያት ሲልቪያ ሕዝብን ለዐመፅ በማነሣሣት ተከስሰው የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ወደ ሞስኮ ተጉዘው ሌኒንን ያገኙ ቢሆንም ጋዜጣቸውን በፓርቲ ቁጥጥር ሥር ለማድረግ እምቢ በማለታቸው በ1921 ከብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ ተባረሩ። ጋዜጣው ነጻ ሆኖ እስከ 1924 ዘለቀ።

«ጀርሚናል»

በ1923 ሲልቪያ «ጀርሚናል» የተባለ የጥበብና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አወጡ። ዓላማው ታሪክ፣ ግጥምና ሥዕል ለሠራተኛ አንባቢ ማቅረብ ነበር። የገንዘብ ምንጩ ደካማ ስለነበር ከሁለት እትም አላለፈም። ስለ ሲልቪያ በሚጻፉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፍ ቢሆንም፣ ሥዕልን ከተዉ ከአሥር ዓመት በኋላም ለጥበብ የነበራቸው ፍላጎት እንዳልሞተ የሚያሳየው ይኸው መጽሔት ነው።

በእነዚህ ዓመታት የሕይወት ጓደኛቸው የሆኑት ሲልቪዮ ኮሪዮ ከኢጣሊያ በስደት የመጡ አናርኪስት ሲሆኑ ሙያቸው የፊደል ለቀማና የኅትመት ሥራ ነበር። ሁለቱ በሕግ ሳይጋቡ ዉድፎርድ በተባለ የለንደን ዳርቻ አብረው ኖሩ። በዲሴምበር 1927 ልጃቸው ሪቻርድ ተወለደ።

«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»

ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በኦክቶበር 1935 ሲወር ሲልቪያ ጉዳዩን ቀድሞውኑ በቅርብ ይከታተሉት ነበር። የኮሪዮ የስደት ጓደኞች ፋሽዝም በኢጣሊያ ያደረገውን በዝርዝር ያውቁ ነበርና። በዚያው ጊዜ በዉድፎርድ መንገድ ዳር የአየር ድብደባን የሚቃወም የድንጋይ ሐውልት አሠርተዋል። ሐውልቱ አፍንጫውን ወደ መሬት ያደረገ ቦምብ ይመስላል። መታሰቢያነቱ በምጸት በ1932 በጦር አውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት እንዲጠበቅ ለተከራከሩት ነው። ዛሬም በቦታው ይገኛል።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጦር ስትያዝ ዕለቱ ሜይ 5፣ የሲልቪያ ሃምሳ አራተኛ የልደት ቀን ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትም ወጣ። በዚያው ዕለት ሙሶሊኒ በሮም ኢትዮጵያን የጠቀለለ ግዛት መመሥረቱን ያውጅ ነበር። በዓለም መንግሥታት ዘንድ ኢትዮጵያ አበቃላት የተባለበት ሳምንት ነው። ጋዜጣው ስሟን በርእሱ ላይ ይዞ በየሳምንቱ መውጣቱ ራሱ አገሪቱ አለች ማለት ነበር።

የጋዜጣው ሥራ የሚካሄደው ከመኖሪያ ቤታቸው ነበር። ሲልቪያ ዋና አዘጋጅ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ለማኝና አከፋፋይ ነበሩ። ኮሪዮ የኅትመት ልምዳቸውን አበረከቱ፣ ስለ ኢጣሊያም በብዕር ስም ይጽፉ ነበር። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋዜጣውን ከደገፉት መካከል ናቸው። ዜናው በጂቡቲና በሌሎች አጎራባች አገሮች በኩል ይደርስ ነበር። ስለ አርበኞች ውጊያ፣ ስለ መርዝ ጋዝና ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የብሪታንያ ትልልቅ ጋዜጦች ገሸሽ ያደረጉትን ወሬ ጋዜጣው ደጋግሞ አወጣ። የግፉን ፎቶግራፎችም አሳተመ። በሰንሰለት ሠሪዎቹ ዘመን እንደነበረው፣ አሁንም ምስሉ ማስረጃ ነበር።

ጋዜጣው በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን ደሴቶችም ይነበብ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ለንደን ሲደርሱ ሲልቪያ ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል ነበሩ። በነገሥታት አገዛዝ የማያምኑ ሶሻሊስት መሆናቸውን ግን አልደበቁም፤ የቆሙት ለተወረረች አገር ነው። ናዚ ጀርመን ብሪታንያን ከያዘች በኋላ እንዲታሰሩ በዘረዘረቻቸው ሰዎች ስም መካከል የሲልቪያም ስም ተገኝቷል።

ከነጻነት በኋላ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ብዙዎች የጋዜጣው ሥራ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሲልቪያ ግን ቀጠሉ። አሁን የሚሞግቱት የገዛ አገራቸውን መንግሥት ነበር። የብሪታንያ ጦር አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ የያዘውን ሥልጣን እንዲለቅቅ፣ የኤርትራና የኦጋዴን ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንዲፈታ፣ የኢጣሊያ የጦር ወንጀለኞች ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠየቁ። የብሪታንያ የስለላ መሥሪያ ቤትም ይከታተላቸው ነበር።

በለንደን ነርስ ሆነው የሠሩት ልዕልት ፀሐይ በ1942 ሲሞቱ ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል ለማሠራት በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ኮሚቴ ጸሐፊ ሲልቪያ ነበሩ። ሆስፒታሉ በ1951 አዲስ አበባ ተከፈተ፤ ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል። ሲልቪያ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኙት በ1944 መጨረሻ ነው። በ1951 ዳግመኛ መጥተው ኤርትራንም አዩ። በ1955 ስለ ኢትዮጵያ ባህል ታሪክ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የብራና ሥዕሎችና የቅኔ ትምህርት ሰፊ ቦታ አግኝተዋል።

አዲስ አበባ እና «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር»

ኮሪዮ በ1954 ሞቱ። ጋዜጣው ሃያ ዓመት ሞልቶት በ1956 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሲልቪያ በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ዕድሜያቸው 74 ነበር። በዲሴምበር 1956 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ማውጣት ጀመሩ።

አዲሱ መጽሔት ከቀድሞዎቹ በመልኩም በዓላማውም የተለየ ነበር። ድሬድኖትና ኒው ታይምስ ክርክርን በጠባብ ዓምዶች የሚያሰልፉ የትግል ጋዜጦች ነበሩ። ኦብዘርቨር ግን እያንዳንዱን እትም በአብዛኛው በአንድ ርእሰ ጉዳይ ዙሪያ የሚያደራጅ፣ በፎቶግራፍ የታጀበ መጽሔት ሆነ። ስለ ኢትዮጵያ ሴቶችና ስለ አዲስ አበባ ከተማ የወጡት እትሞች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሲልቪያ በእርጅናቸው ትምህርት ቤቶችን፣ ሆስፒታሎችንና አዳዲስ የግንባታ ሥራዎችን በአካል እየጎበኙ መረጃ ይሰበስቡ ነበር። ዘመኑም ለጥበብ ምቹ እየሆነ ነበር፤ አለ ፈለገ ሰላም የመሩት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው።

መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ይታተም ስለነበር ተደራሲዎቹ በዋናነት የውጭ አገር አንባቢዎችና በአገር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ምሁራን ነበሩ። ሲልቪያ ካረፉ በኋላ ሪቻርድ ፓንክረስትና ባለቤታቸው ሪታ ለብዙ ዓመታት አዘጋጅተውታል። የቆዩት እትሞች ዛሬ ለታሪክ ተማሪዎች ጠቃሚ ምንጭ ናቸው።

ዕረፍትና ቀብር

ሲልቪያ ፓንክረስት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 27 ቀን 1960)፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ አረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ። ራስ አንዳርጋቸው መሳይ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያወሳ ንግግር አደረጉ። ለጸሎቱ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጥቷቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት ለአርበኞች በተለየው ስፍራ ተቀበሩ።

ትችትና ግምገማ

የሲልቪያ ሕይወት ለተመራማሪዎች አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ንጉሥን የማይቀበሉ፣ ከሌኒን ጋር የተከራከሩ ሶሻሊስት እንዴት የአንድ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ወዳጅ ሆኑ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በኦብዘርቨር የአገሪቱ ልማት በስፋት ሲቀርብ የገበሬው የመሬት ጥያቄና የፖለቲካ ነጻነት እጦት የሚገባውን ያህል አለመነሣቱን የሚተቹ አሉ። ስለ ኤርትራ የያዙት አቋምም በተለይ ከኤርትራውያን ጸሐፊዎች ተቃውሞ ገጥሞታል። ሌሎች ደግሞ ፋሽዝምን ከብዙዎች ቀድመው መለየታቸውንና ኢትዮጵያ ወዳጅ ባጣችበት ሰዓት መቆማቸውን ያጎላሉ።

በሥዕል በኩል ያለው ግምገማ የዘገየ ነው። ለረጅም ጊዜ ሠዓሊነታቸው ከፖለቲካቸው በስተኋላ ተደብቆ ቆይቷል። በ2013 የለንደኑ ቴት ሙዚየም ሥራዎቻቸውን ለብቻ አሳየ፤ ኋላ ደግሞ ስለ ሠራተኛ ሴቶች ከሣሏቸው ሥዕሎች አራቱን በስብስቡ ውስጥ አስገባ።

ቅርስና መታሰቢያ

በአዲስ አበባ በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። ልጃቸው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ከታገሉት አንዱም ናቸው፤ ሐውልቱ በ2005 ተመልሷል። ሪቻርድ በ2017 ሲያርፉ እርሳቸውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

የሲልቪያ ወረቀቶች አብዛኛው ክፍል በአምስተርዳም በሚገኘው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ተቀምጧል። በ2018 በለንደን የፓርላማ አደባባይ በቆመው የሚሊሰንት ፎሴት ሐውልት መቆሚያ ላይ ስማቸውና ምስላቸው ከሌሎች ታጋዮች ጋር ተቀርጿል። የሆሎዌይ የደረት ጌጥ ዛሬ በሙዚየሞች ውስጥ ይታያል፤ ሐምራዊ፣ ነጭና አረንጓዴውም በብሪታንያ የሴቶች ሰልፎች ላይ እስካሁን ይውለበለባል።